መሟሟት ምንድን ነው?

አንድ ማንኪያ ጨው ውሃ ውስጥ ጨምሮ ያማሰለን ልጅ «ጨው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ቀለጠ» ይላል፤ ወይም «ጠፋ»። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ጨው ሟሟ እንጂ አልቀለጠም፣ አልጠፋምም።

ነገሩ የቃላት ክርክር እንዳይመስላችሁ። በረዶ ሲሞቅ ይቀልጣል። ያው በረዶ ራሱ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከሙቀት ሌላ ምንም አይፈልግም። ጨው እንደዚህ እንዲቀልጥ ግን 801 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ መሞቅ አለበት። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ሆኖም ጨው ይሟሟል። መሟሟት ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሚሟሟና የሚያሟሟ። ቤት ውስጥ «ስኳሩ ቀልጧል?» ብንል ማንም አይቆጣንም። ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱን ቃላት መለየት የትምህርቱ ግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ።

ታዲያ ብርጭቆው ውስጥ ምን ተፈጠረ? የውሃ ሞለኪውል በኦክስጅኑ በኩል ትንሽ ኔጌቲቭ፣ በሃይድሮጅኖቹ በኩል ትንሽ ፖዘቲቭ ነው። ጨው ደግሞ የሶዲየምና የክሎራይድ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ተያይዘው የሠሩት ነው፤ ሶዲየሙ ፖዘቲቭ፣ ክሎራይዱ ኔጌቲቭ። የውሃ ሞለኪውሎች አዮኖቹን በየተቃራኒ ጎናቸው ይስቧቸዋል፣ ይከቧቸዋል፣ ከጨው ቅንጣቷ እየነቀሉ ይወስዷቸዋል። አዮኖቹ በዓይን ስለማይታዩ ውሃው ጥርት እንዳለ ይቀራል። የስኳር ሞለኪውሎች ወደ አዮን አይለወጡም፤ ሳይሰበሩ እርስ በርስ ይለያያሉ። ዘይት ውሃ አጥብቆ የሚስበው እንዲህ ያለ ጎን ስለሌለው አይሟሟም። ከውሃ ስለሚቀልልም ላይ ይንሳፈፋል። ዱቄት ሲበጠበጥ የሟሟ ይመስላል፤ ግን ውሃው ይደፈርሳል፣ ቆይቶም ዱቄቱ ከታች ይዘቅጣል። አልሟሟም ማለት ነው።

«አልጠፋም» የሚለውን ልጆች በቃል ብቻ አያምኑም፤ ደግሞም ልክ ናቸው። ስለዚህ ሚዛን አምጡ። 100 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨው። ከማማሰላችሁ በፊት ስንት እንደሚመዝን ያስገምቷቸው። ጨው ጠፍቷል የሚል ልጅ 100 ይላል። ሚዛኑ 110 ያሳያል! ከዚያ ጥቂቱን ዝርግ ሳህን ላይ አፍስሳችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት። ውሃው ይተናል፣ ነጩ ጨው ሳህኑ ላይ ተመልሶ ይታያል። ከመሟሟት ሙከራዎች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

መሟሟት ልክም አለው። በ20 ዲግሪ 100 ግራም ውሃ ወደ 36 ግራም ጨው ያሟሟል፤ የተረፈው ከታች ይቀመጣል። ስኳር ከሆነ ግን ወደ 200 ግራም ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚምታታው እዚህ ላይ ነው። ማማሰልና መፍጨት መሟሟቱን ያፈጥናሉ እንጂ ልኩን አይጨምሩም። ሙቀት ልኩንም ይለውጣል፤ ለስኳር በጣም፣ ለጨው እምብዛም። በሚፈላ ውሃ ውስጥ እንኳ የጨው ልክ ወደ 39 ግራም ቢደርስ ነው።

ጋዝ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ውሃ በብረት ድስት ጥደን ገና ሳይፈላ ከድስቱ ግድግዳ ላይ የምናያቸው ጥቃቅን አረፋዎች በአብዛኛው ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው። ዓሣም የሚተነፍሰው ይህን የሟሟ ኦክስጅን ነው፤ በውሃ ሞለኪውሉ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን አይደለም።