የብቃት ስኮላርሺፕ በአሜሪካ ኮሌጆች

የብቃት ስኮላርሺፕ የቤተሰብን ገቢ ሳይሆን የተማሪውን የትምህርት ውጤት፣ ተሰጥኦ ወይም የአመራር ችሎታ መዝኖ የሚሰጥ፣ ተመልሶ የማይከፈል የትምህርት ገንዘብ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ገቢን መሠረት ካደረገው ድጋፍ ጎን ለጎን የሚሄድ ሲሆን፣ አንድ ተማሪ ሁለቱንም ሊያገኝ ይችላል። ገንዘቡ ከአራት ወገን ይመጣል፦ ከኮሌጆቹ ከራሳቸው፣ ከክፍለ ግዛቶች፣ ከብሔራዊ ውድድሮች እና ከግል ድርጅቶች። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ የተጻፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙ ወላጅ ስሙ የገነነውን ብሔራዊ ውድድር ሲያሳድድ ጊዜው ያልቅበታል። ትልቁ ገንዘብ ግን ተማሪው በሚያመለክትበት ኮሌጅ እና በሚኖርበት ክፍለ ግዛት እጅ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

አመጣጡ

በ1643 እንግሊዛዊቷ እመቤት አን ራድክሊፍ ሞውልሰን ለሃርቫርድ ኮሌጅ የለገሱት 100 ፓውንድ በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያው ስኮላርሺፕ ተብሎ ይጠቀሳል። የታሰበው ለችግረኛ ተማሪ ስለነበር ግን የዛሬው የብቃት ስኮላርሺፕ ቀጥተኛ አባት ሊባል አይችልም። በ1945 በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ፣ ቻፕል ሂል፣ የተቋቋመው የሞርሄድ ፋውንዴሽን የኦክስፎርዱን የሮድስ ስኮላርሺፕ አርአያ አድርጎ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሙሉ ወጪ መሸፈን ጀመረ። ይህ መርሐ ግብር ዛሬ ሞርሄድ ኬይን በሚል ስም የሚታወቅ ሲሆን፣ ከሌሎች አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችንም ይቀበላል። በ1955 ናሽናል ሜሪት የተባለውን ብሔራዊ ውድድር የሚያካሂደው የናሽናል ሜሪት ስኮላርሺፕ ኮርፖሬሽን ተመሠረተ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆች ተማሪ ለመሳብ እርስ በርስ መፎካከር ሲይዙ የብቃት ስኮላርሺፕ ከሽልማትነት አልፎ የምዝገባ ሥራ አንዱ መሣሪያ ሆነ።

የኮሌጆቹ ገንዘብ

የግል ኮሌጆች በይፋ የሚያስታውቁት የትምህርት ክፍያ አብዛኛው ተማሪ በእርግጥ የሚከፍለው አይደለም። በእነዚህ ኮሌጆች አዲስ ገቢ ተማሪዎች ከሚጠየቁት የትምህርት ክፍያ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በኮሌጁ በራሱ እርዳታ ይቀነሳል፤ የዚህም ትልቅ ክፍል በብቃት ስም የሚሰጥ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ሌሎቹ የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በተቃራኒው የብቃት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። እርዳታቸው ለጋስ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ገቢን የተከተለ ነው። ስለዚህ ውጤቱ እጅግ ከፍተኛ የሆነ፣ የቤተሰቡ ገቢ ግን መካከለኛ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ተማሪ ብዙ ጊዜ የተሻለ ገንዘብ የሚያገኘው በስም አንድ ደረጃ ዝቅ ባለ ኮሌጅ ነው።

ኮሌጆቹ ይህን ገንዘብ የሚሰጡት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በቀጥታ የሚገኝ ነው፤ አማካይ ውጤቱንና የኤስ ኤ ቲ ወይም የኤ ሲ ቲ (ሁለቱ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናዎች) ነጥቡን ያሟላ ሁሉ የተወሰነውን መጠን ያገኛል። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ በየትኛው ነጥብ ስንት እንደሚከፍል በሰንጠረዥ ያወጣል፣ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጡም ይሰጣል። ሁለተኛው ውድድር ነው፤ ድርሰት፣ የድጋፍ ደብዳቤና ቃለ መጠይቅ ይጠይቃል፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። የውድድሩ ማመልከቻ ቀን ብዙ ጊዜ ከመደበኛው የመግቢያ ማመልከቻ ቀን ይቀድማል፤ በኖቬምበር ወይም በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ የሚዘጋ አለ። መደበኛውን ቀን ብቻ በማስታወሻው የያዘ ተማሪ ኮሌጁን ያገኛል፣ ገንዘቡን ያጣል።

የትኛው ኮሌጅ በእርግጥ እንደሚሰጥ ለማወቅ የማስታወቂያ ወረቀቱን ትቶ ኮመን ዴታ ሴት የተባለውን ሰነድ መክፈት ይሻላል። ብዙ ኮሌጆች በየዓመቱ የሚያወጡት፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ የተሞላ የመረጃ ስብስብ ነው። በኤች ክፍል ውስጥ የገንዘብ ችግር የሌለባቸው ስንት አዲስ ገቢዎች የብቃት ስኮላርሺፕ እንዳገኙና አማካይ መጠኑ ስንት ዶላር እንደነበር ተጽፏል። በሲ ክፍል ደግሞ የአዲስ ገቢዎቹ የፈተና ነጥብ 25ኛው ፐርሰንታይል (ሩቡ ተማሪ ከዚያ በታች ያገኘበት) እና 75ኛው ፐርሰንታይል (ሩቡ ከዚያ በላይ ያገኘበት) ላይ ስንት እንደሆነ ይታያል። የተማሪው ነጥብ ከ75ኛው በላይ ከሆነና ኮሌጁ ለብዙዎች የሚሰጥ ከሆነ፣ ያ ኮሌጅ በዝርዝሩ ላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። ከኦክቶበር 2011 ጀምሮ የፌዴራል የተማሪዎች እርዳታ የሚቀበል ማንኛውም ኮሌጅ እርዳታው ተቀንሶ ቤተሰቡ የሚከፍለውን የሚገምት የተጣራ ወጪ ማስያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያስቀምጥ በሕግ ተገዷል። ማስያው ግምት እንጂ ውል አይደለም፤ አንዳንዱም የብቃት ስኮላርሺፕን ጨርሶ አያስገባም።

የጆርጂያው ሆፕ

በክፍለ ግዛት ደረጃ ለዚህ ሥራ ፈር የቀደደችው፣ ከሎተሪ ገቢ በሚከፈለው ሆፕ በተባለ ስኮላርሺፗ፣ ጆርጂያ ናት። አርካንሳስ በ1991 ቀድማ እንደጀመረች የሚጽፉ አሉ። የአርካንሳሱ ግን በገቢ ጣሪያ የታጠረ አነስተኛ ጅምር ነበር፤ ሌሎቹ አይተው የተከተሉት የጆርጂያን መሆኑ አያጠያይቅም።

አገረ ገዢ ዜል ሚለር ሎተሪ አቋቁመው ገቢውን ለትምህርት ብቻ ለማዋል ያቀረቡት ሐሳብ በኖቬምበር 1992 በሕዝበ ውሳኔ በጠባብ ልዩነት አለፈ። ትኬት በጁን 1993 መሸጥ ተጀመረ፤ የመጀመሪያዎቹ የሆፕ ተማሪዎችም በዚያው ዓመት ኮሌጅ ገቡ። ያው የሎተሪ ገቢ የአራት ዓመት ሕፃናትን ቅድመ መደበኛ ትምህርትም ይሸፍናል። ሲጀመር የቤተሰብ ገቢ ጣሪያ 66,000 ዶላር ነበር፤ በማግስቱ ዓመት ወደ 100,000 ከፍ አለ፤ በ1995 ጣሪያው ጨርሶ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ሆፕ የአስተማሪውንም የሐኪሙንም ልጅ በውጤት ብቻ የሚያይ ሆኗል። እስከ አሁን ከ2 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ተጠቅመውበታል።

በ2011 የሎተሪው ገቢ ወጪውን መሸከም ሲያቅተው አገረ ገዢ ናታን ዲል መርሐ ግብሩን ቆረጡት። የመጽሐፍና የልዩ ልዩ ክፍያዎች ድጋፍ ቀረ፤ ሆፕም ሙሉውን የትምህርት ክፍያ መሸፈኑን አቆመ። ሙሉ ክፍያ የቀረው በዋናነት አማካይ ውጤታቸው 3.7 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የተወሰነ የፈተና ነጥብ ላመጡ ሲሆን፣ ይህ አዲስ ስኮላርሺፕ በዜል ሚለር ስም ተሰየመ። ከ2023 የመኸር ሰሚስተር ጀምሮ ክፍለ ግዛቱ የሆፕን ድርሻ መልሶ በመንግሥት ኮሌጆች ወዳለው ሙሉ የትምህርት ክፍያ አሳድጎታል። በጆርጂያ በሚገኙ ብቁ የግል ኮሌጆች የሚማር ተማሪም የተወሰነ መጠን ያገኛል።

ሎተሪ የሚቆርጠው በአብዛኛው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ሆኖ ስኮላርሺፑ ወደ ተሻለ ገቢ ቤተሰቦች ያደላል የሚል ወቀሳ ከጅምሩ አንስቶ ይሰማል። አንዳንድ ጥናቶች ይህን ወቀሳ የሚደግፉ ይመስላል። ጎበዝ ተማሪዎች ጆርጂያን ለቀው እንዳይሄዱ ማድረጉ ግን የታየ ውጤት ነው።

ለሆፕ የሚያስፈልገው አማካይ ውጤት 3.0 ነው። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ውጤት በትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት ላይ የሚታየው አይደለም። የጆርጂያ የተማሪዎች ፋይናንስ ኮሚሽን እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናትና የውጭ ቋንቋን ብቻ ወስዶ እንደገና ያሰላል። አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ፣ በሳይንስ፣ በታሪክና በስፓኒሽ ቢ፣ በሒሳብ ሲ፣ በሙዚቃና በስፖርት ደግሞ ኤ አገኘ እንበል (ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2 ነጥብ ነው)። ሰባቱ ተደምረው ሲካፈሉ 3.14 ይሆናል፤ ቤተሰቡም ሆፕ በእጃችን ነው ብሎ ይተኛል። ኮሚሽኑ ሙዚቃውንና ስፖርቱን ሲያወጣ ግን የቀሩት አምስቱ 2.8 ይሆናሉ። ያው ተማሪ ሳይንሱንና ታሪኩን ኤ ፒ በተባለው የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ ወስዶ በሁለቱም ያንኑ ቢ ቢያመጣ፣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ነጥብ ተጨምሮ ልክ 3.0 ይደርሳል። ነጥቡ ወደ ላይ አይጠጋጋም፤ 2.99 ያለው አላለፈም። በተጨማሪ ከበድ ካሉ ኮርሶች ዝርዝር ውስጥ የተወሰኑትን ማለፍ ግዴታ ነው። ተማሪው ኮሚሽኑ ያሰላለትን ውጤት ጂኤ ፊውቸርስ በተባለው የክፍለ ግዛቱ ድረ ገጽ በነጻ ማየት ስለሚችል፣ ከ12ኛ ክፍል አስቀድሞ ማየት ተገቢ ነው።

ተማሪው የአሜሪካ ዜጋ ወይም እንደ ግሪን ካርድ ያለ የተፈቀደ መኖሪያ ያለው፣ የጆርጂያም ነዋሪ መሆን አለበት። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ የጆርጂያ ነዋሪ የነበረ የ12 ወር ነዋሪነት ሲጠየቅ፣ ሌላ ቦታ ጨርሶ የመጣ ግን 24 ወር መጠበቅ ይኖርበታል። ኮሌጅ ከተገባ በኋላ 30፣ 60 እና 90 ክሬዲት ላይ ውጤት ይመረመራል። ከ3.0 በታች የወረደ ያጣዋል፤ በኋለኛ ምርመራ ላይ ውጤቱን ካሻሻለ አንድ ጊዜ መልሶ ሊያገኘው ይችላል። በሁለተኛ ደረጃ ውጤቱ ያልደረሰለት ተማሪም በራሱ ከፍሎ 30 ክሬዲት ላይ 3.0 ይዞ ከተገኘ ከዚያ ጀምሮ ይገባል። ዘግይተው ወደ አገሩ ለመጡና እንግሊዝኛው ላስቸገራቸው ልጆች ይህች በር ትልቅ ነገር ናት። በቴክኒክ ኮሌጆች የሰርተፊኬትና የዲፕሎማ ተማሪዎች የሚሰጠው የሆፕ ግራንት ደግሞ ሲገባ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት አይጠይቅም።

ፍሎሪዳ በ1997 ብራይት ፊውቸርስን ጀመረች፤ ደቡብ ካሮላይና፣ ሉዊዚያና፣ ኬንታኪ፣ ዌስት ቨርጂኒያና ቴነሲም የየራሳቸው አላቸው።

ብሔራዊ ውድድሮችና የግል ድርጅቶች

የናሽናል ሜሪት በር የሚከፈተው ተማሪው 11ኛ ክፍል ሳለ በኦክቶበር በሚወስደው፣ ለኤስ ኤ ቲ መለማመጃ በሆነው ፒ ኤስ ኤ ቲ ፈተና ነው። የማንበብና የመጻፍ ነጥቡ በሁለት ተባዝቶ የሒሳቡ ይደመርበትና ለ10 ይካፈላል፤ ከፍተኛው 228 ነው። ወደ 16,000 የሚሆኑ ተማሪዎች ለግማሽ ፍጻሜ የሚያልፉ ሲሆን፣ መቁረጫ ነጥቡ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ከኮርፖሬሽኑ በቀጥታ የሚሰጠው ሽልማት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል 2,500 ዶላር ነው። የማዕረጉ ዋና ጥቅም አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ ለደረሱት ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ማቅረባቸው ላይ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ውድድሩ በአንድ ፈተና ላይ መመሥረቱን ነቅፈው በ2005 ከመርሐ ግብሩ ወጥተዋል።

ከግል ድርጅቶች የኮካ ኮላ ስኮላርስ ፋውንዴሽን በየዓመቱ ለ150 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 20,000 ዶላር ይሰጣል። አመልካቹ እጅግ ብዙ ነው። የአካባቢ ማኅበራት፣ የወላጆች መሥሪያ ቤቶችና የመንደር ፋውንዴሽኖች የሚሰጧቸው ትንንሽ ስኮላርሺፖች ተፎካካሪያቸው ስለሚያንስ ድካሙን የተሻለ ይክሳሉ። የሚገኙትም በትምህርት ቤቱ አማካሪ ቢሮ ነው።

ከደብዳቤው ላይ የሚነበበው

የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ሲመጣ ከዶላሩ መጠን በታች ያሉት መስመሮች ይበልጥ ዋጋ አላቸው። ገንዘቡ ለአንድ ዓመት ነው ወይስ ለስምንት ሰሚስተር? ለመቀጠል የሚያስፈልገው አማካይ ውጤት ስንት ነው? ተማሪው የትምህርት ክፍል ቢቀይር ይቀጥላል? ከውጭ የሚመጣ ስኮላርሺፕ ቢኖርስ ኮሌጁ የራሱን ይቀንሳል? ይህ የመጨረሻው ብዙ ቤተሰብ ያስለቀሰ ጉዳይ ነው፤ ተማሪው ደክሞ ያመጣው 3,000 ዶላር ኮሌጁ ከሰጠው እርዳታ ላይ ይነሣና ቤተሰቡ የሚከፍለው እንደነበር ይቀራል። ሜሪላንድ በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿ ይህን እንዳያደርጉ የሚገድብ ሕግ በማውጣት ቀዳሚ ሆናለች። ለትምህርት ክፍያ፣ ለግዴታ ክፍያዎችና ለመጻሕፍት የዋለው ስኮላርሺፕ የገቢ ግብር አይከፈልበትም፤ ለመኝታና ለምግብ የዋለው ግን ይከፈልበታል።

ገንዘብ ከፍለህ አመልክት የሚል፣ ስኮላርሺፑ የተረጋገጠ ነው የሚል ወይም ለመያዣ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ሁሉ ሊሸሽ ይገባል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በእነዚሁ ምልክቶች ላይ ያስጠነቅቃል። የፌዴራሉ የእርዳታ ማመልከቻ ፋፍሳም ስሙ ራሱ በእንግሊዝኛ «ነጻ ማመልከቻ» እንደሚለው ነጻ ነው፤ የብቃት ስኮላርሺፕ ብቻ ለሚፈልጉትም አንዳንድ ኮሌጆችና ክፍለ ግዛቶች እንዲሞላ ይጠይቃሉ።

ከውጭ አገር ለሚያመለክቱ

በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ የሚመጣ ተማሪ በፋፍሳ የሚጠየቀውን የፌዴራል እርዳታም ሆነ እንደ ሆፕ ያሉ የክፍለ ግዛት ስኮላርሺፖችን አያገኝም፤ ናሽናል ሜሪትም ሁለተኛ ደረጃን ከአሜሪካ ውጭ ከሚማሩት መካከል ለዜጎች፣ እንዲሁም ግሪን ካርድ ይዘው ወይም አመልክተው ዜጋ ለመሆን ለሚያስቡ የተወሰነ ነው። ለእርሱ በዋናነት የቀረው የኮሌጆቹ የራሳቸው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ የመግቢያ ቢሮ አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መጻፍ ያስፈልጋል፦ ይህ ስኮላርሺፕ ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ክፍት ነው ወይ? መልሱ አዎ ሆኖ ስኮላርሺፑ ሲገኝ፣ መጠኑ ኮሌጁ ለቪዛ ማመልከቻ በሚልከው የአይ-20 ቅጽ ላይ ከገንዘብ ምንጮች መካከል ይሰፍራል። ከዓመታዊው ወጪ ላይ ስኮላርሺፑ ተቀንሶ የሚቀረውን ቤተሰቡ በባንክ ማስረጃ ማሳየት አለበት፤ ቆንስላውም በቪዛ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለዚሁ ልዩነት ሊጠይቅ ይችላል።