ትራማዶል ምንድን ነው?

አጎቴ ጎንደር፣ አዘዞ ነው የሚኖሩት። ከሦስት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቀው ወገባቸውን ተጎዱ። ሐኪሙ የአምስት ቀን እንክብል አዘዘላቸው። አምስቱ ቀን አለፈ፣ እንክብሉ ግን አላለፈም። ሲያልቅባቸው ባዶውን ስትሪፕ ኮታቸው ኪስ ከትተው ፋርማሲ ይሄዳሉ። «ይቺን ስጠኝ» ይላሉ። ይሰጣቸዋል። ማዘዣ የሚጠይቅ የለም። እኔ ስትሪፑን አገላብጬ ያነበብኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው፦ ትራማዶል፣ 50 ሚሊ ግራም።

ትራማዶል የሕመም ማስታገሻ ነው። የፓራሲታሞል ዘመድ ግን አይደለም፣ ወገኑ ከሞርፊን ነው። ኦፒዮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሞርፊን የሚገኘው ኦፒየም ከሚሰጠው አበባ ነው። ትራማዶል ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ በላቦራቶሪ ተሠርቶ በ1977 ለገበያ የቀረበ ነው። ሁለቱም አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ላይ ያሉትን ተመሳሳይ መቀበያዎች ይይዛሉ። የተጎዳውን ወገብ አያድኑም፣ ወገቡ የሚልከው የሕመም መልእክት እንዳይሰማ ነው የሚያደርጉት። ችግሩ እነዚያው መቀበያዎች የትንፋሽ፣ የአንጀትና የደስታ ጉዳይም በእጃቸው ነው። የሆድ ድርቀቱ፣ ድብታው፣ ሲበዛም የትንፋሽ መዳከሙ ከዚያ ይመጣል። ሱሱም እንዲሁ።

ትራማዶል ከሞርፊን የሚለይበት ሌላ ሥራ አለው። ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን የአንጎል ንጥረ ነገሮችም ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ መጠኑ ሲያልፍ፣ አንዳንዴም በታዘዘው መጠን፣ ሰውን እንደ ሚጥል በሽታ ጥሎ ያንቀጠቅጣል። ከአንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ አደጋው ይጨምራል። ከአረቄ ወይም ዳያዜፓም ከሚባለው ማረጋጊያ ጋር ሲሆን ደግሞ ትንፋሽ ነው የሚያሰጋው። ናሎክሶን የሚባል የኦፒዮይድ ማርከሻ አለ። ትራማዶል ላይ ግን ሥራው ግማሽ ነው፣ መንቀጥቀጡን አያቆምም። ብዙ ውጦ ጭልጥ ያለ ሰው ስታዩ «ይተኛበት፣ ይለቀዋል» አትበሉ። በጎኑ አስተኙትና ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

«ግን እኮ ቀላሉ ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፣ በሚሊ ግራም ሲመዘን ከሞርፊን ይደክማል። እዚህ ላይ ግን ስለ እኛ የሚናገር ነገር አለ። ትራማዶል ራሱ ደካማ ኦፒዮይድ ነው። ጠንካራ የሚሆነው ጉበት ውስጥ ሲለወጥ ነው። የሚለውጠው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም የሚያዘው ጂን ያለ ልክ የበዛላቸው ሰዎች አሉ፣ እነሱ ዘንድ እንክብሉ ቶሎና በብዛት ወደ ጠንካራው ይለወጣል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ 29 በመቶው እንዲህ ሆነው አገኛቸው። ስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው። ከጂኑ ሌላ የአካባቢም ተጽዕኖ አለ። በኋላ በተሠራ ጥናት ያው ጂን ያላቸው ሆነው አገር ቤት የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ኢንዛይማቸው ስዊድን ካሉት ዝግ ብሎ ተገኝቷል። ቢሆንም አንዷን እንክብል ሦስት ጎረቤት ቢውጣት፣ ለአንዱ ቀላል፣ ለሌላው ከባድ ልትሆን ትችላለች። ማን የትኛው እንደሆነ ፊት አይቶ የሚያውቅ የለም። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 እ.ኤ.አ. ትራማዶል ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ያለው፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት የመከረው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ሰፈር ግን «ለኔ አሽሎኛል፣ እንኪ ሞክሪው» ተብሎ ከቡና ጋር ይታደላል። ደግነት ነው፣ አውቃለሁ።

ሕጉስ? አገራችን የምግብና መድኃኒት አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1112/2011። በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ለሞርፊን ደግሞ የተለየ የማዘዣ ወረቀት አለ። ትራማዶል ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ባለባቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የለም። «ቀላል» የሚለው ስም ለብዙ ዓመት በሩን ከፍቶለታል። አሜሪካ ቁጥጥር ውስጥ ያስገባችው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፣ ህንድ በ2018። ሁለቱም የነቁት ከረፈደ ነው።

አሜሪካኖቹ በሌላ ኦፒዮይድም ተቃጥለዋል። በ1996 እ.ኤ.አ. ኦክሲኮንቲን የሚባል እንክብል ገበያ ላይ ወጣ። በመግለጫው ላይ፣ መድኃኒቱ በዝግታ ስለሚለቀቅ ለአላግባብ መጠቀም ብዙም አይመችም ተብሎ እንደሚታመን ተጽፎ ነበር። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያንን ዓረፍተ ነገር አጽድቆ አሳለፈው። ሻጮቹ በየሐኪሙ ቢሮ ይዘውት ዞሩ። አምራቹ ፐርዱ በ2007 ስለ መድኃኒቱ አሳሳች ነገር መናገሩን ፍርድ ቤት አምኖ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ። እሳቱ ግን ተያይዟል። በ2021 ብቻ ከ80 ሺህ በላይ ሰው በኦፒዮይድ ሞተ፣ አብዛኛው ፌንታኒል በሚባለው፣ ኋላ በመጣ እጅግ ኃይለኛ ኦፒዮይድ።

እዚህ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ነገሩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ለካንሰር ሕመምተኛ ግፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት የሚያድር ሰው ያስታመመ ያውቀዋል። ሞርፊን እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ትራማዶልም የብዙዎች እፎይታ ነው። እኔ የምለው ይታገድ አይደለም። እንደ ሞርፊን በተለየ ወረቀት ይታዘዝ፣ ስንት ገባ ስንት ወጣ ይመዝገብ፣ ማስጠንቀቂያውም አጎቴ በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍ። አሁን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው መደርደሪያው ኋላ በቆመው ልጅ ላይ ነው። እሱ እምቢ ቢል ደንበኛው ተሻግሮ ቀጣዩ ቤት ይገዛል። ለሕመም ሳይሆን ለምርቃና የሚፈልገውም እንዲሁ። ደንቡን ያከበረው ገበያውን ያጣል፣ የጣሰው ይሸጣል። ይህን ሚዛን ማስተካከል የቁጥጥሩ ሥራ ነው እንጂ የልጁ አይደለም።

አጎቴ በቀን ከሁለት ተነስተው ስድስት ደርሰው ነበር። ሰውነት ሲለምደው እንዲህ ነው። የአዋቂ ሰው ጣሪያ በቀን 400 ሚሊ ግራም ስለሆነ ብዙም አልቀራቸውም። ለጥምቀት ልጆቻቸው ቤት ሲመጡ እንክብሉን ረስተውት ነበር። በማግስቱ ላብ በላብ ሆኑ። አፍንጫቸው ይፈሳል፣ አጥንታቸውን ይቆረጥማቸዋል፣ ሆዳቸው ተበላሸ፣ እንቅልፍ ጠፋ። እኛ ጉንፋን ነው ብለን ዝንጅብል አፈላን። ሁለት እንክብል ሲውጡ በሰዓት ውስጥ ቀጥ አሉ። ያኔ ነው የገባን። ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየሳምንቱ እየቀነሰ አስተዋቸው።

ሐኪም ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን ብቻ እምቢ የተባሉት ፒያሳ ነው። ስትሪፑን ሲዘረጉላት ልጅቷ «አባባ፣ ማዘዣው የታለ?» አለቻቸው። «ሁልጊዜ የምወስደው ነው» አሏት። «ለዚያ ነው የጠየቅኩዎት» አለች። ተቆጥተው ወጡ። አሁን ተሽሏቸው በትራቸውን ይዘው ከተማ ይወጣሉ። እዚያች ፋርማሲ ደጅ ሲደርሱ ግን እስከ ዛሬ መንገዱን ይሻገራሉ።