አኝኮ የሚበላና አለስልሶ የሚበላ፦ ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ካትልፊሽ በዓለም ማዕድ

ኦክቶፐስ፣ ስኩዊድና ካትልፊሽ ዘመዳሞች የሆኑ የባሕር እንስሳት ናቸው። ሦስቱም የጀርባ አጥንት የላቸውም። ኦክቶፐስ 8 ክንድ አለው፤ ስኩዊድና ካትልፊሽ በዚያ ላይ አደን የሚይዙባቸው ሁለት ረጃጅም ክንዶች ይጨምራሉ። ሥጋቸው ነጭ ነው፤ ስቡ ጥቂት፣ ፕሮቲኑ ብዙ። ችግሩ ጥንካሬው ነው። ስኩዊድ እሳት ላይ ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ላስቲክ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚለሰልሰው ለረጅም ጊዜ ቀስ ብሎ ሲበስል ብቻ ነው። መሃል ላይ መቆም የለም። አገሮች በእነዚህ ምግቦች የሚለያዩት ከቅመሙ ይልቅ ይህን ጥንካሬ በያዙበት መንገድ ይመስለኛል።

ምሥራቅ እስያ ጥንካሬውን ይወደዋል። እዚያ ማኘኩ ራሱ የጣዕሙ አካል ነው። ስኩዊዱ ሆድ ዕቃው ይወጣል፣ ተዘርግቶ ይደርቃል፣ ከዚያ እሳት አይቶ እየተቀደደ ይበላል። ኮሪያ ውስጥ የደረቀ ስኩዊድ የቢራ ጓደኛ ነው። በሰሜን ጃፓኗ ሃኮዳቴ ደግሞ ጥሬው ስኩዊድ እንደ ክር ቀጥኖ ይቆረጥና ከዝንጅብልና ከአኩሪ አተር ስጎ ጋር ለቁርስ ሳይቀር ይቀርባል። በኦሳካ ታኮያኪ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1935 እዚያው የተጀመረ የመንገድ ምግብ ነው። ጎድጓዳ ጎድጓዳ ባለው የብረት ምጣድ ላይ ቀጭን ሊጥ ይፈስሳል፣ በየጉድጓዱ ቁራጭ ኦክቶፐስ ይጣላል፣ ሻጩም በሹል ብረት እያገላበጠ ድቡልቡል ያደርገዋል።

ከሁሉም ለየት የሚለው የኮሪያው ሳናክጂ ነው። ትንሹ ኦክቶፐስ በሕይወት እንዳለ ይቆራረጥና የሰሊጥ ዘይት ይፈስስበታል። ቁርጥራጮቹ ሳህኑ ላይ መንፈራገጣቸውን አያቆሙም። እዚህ በደንብ ማኘክ የወግ ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የክንዱ መምጠጫዎች ጉሮሮ ላይ ተጣብቀው ታንቀው የሞቱ ሰዎች አሉ።

ደቡብ ምሥራቅ እስያ መሃል ላይ ነው። ታይላንድ ውስጥ የደረቀውን ስኩዊድ ከሰል ላይ ጠብሰው በሚሽከረከር መጭመቂያ ያሳሱታል። ፊሊፒንሶች በኮምጣጤና እንስሳው ሲደነግጥ በሚረጨው በራሱ ጥቁር ቀለም ይቀቅሉታል።

ወደ ሜዲትራኒያን ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ጥንካሬው ጠላት ነው። የግሪክ ዓሣ አጥማጆች ኦክቶፐሱን ድንጋይ ላይ ደጋግመው ይመቱታል፣ ገመድ ላይ ፀሐይ ያስመቱታል፣ ከዚያ ከሰል ላይ ይጠብሱታል። በግሪክ ኦርቶዶክስ ዘንድ በዐቢይ ጾም ዓሣ በአብዛኛው ክልክል ሲሆን እነዚህ ግን ይፈቀዳሉ፤ ደም የላቸውም ተብሎ ነው። እውነቱን ለመናገር ደም አላቸው፣ ሰማያዊ ነው እንጂ። ያም ሆኖ ኦክቶፐስ የጾም ምግብ ሆኖ ቀርቷል።

በስፔኗ ጋሊሲያ ግዛት የኦክቶፐስ መዲና የምትባለው ኦ ካርባሊኞ ባሕር የላትም። በጥንት ጊዜ በአቅራቢያዋ ያለው የኦሴይራ ገዳም በባሕር ዳር ግዛት ነበረው፤ ግብሩም በደረቀ ኦክቶፐስ ይመጣ ነበር ይባላል። ሙያውን የያዙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ የመዳብ ድስታቸውን ይዘው ከገበያ ገበያ ይዞሩ ነበር። ኦክቶፐሱ የሚፈላ ውኃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ገባ ወጣ ይደረጋል፣ ቆዳው እንዳይላጥ ነው ይላሉ። ሲበስል በመቀስ ክብ ክብ ተደርጎ ይቆረጣል። ክብ የእንጨት ሳህን ላይ ሆኖ ደረቅ ጨው፣ ቀይ የበርበሬ ዱቄትና የወይራ ዘይት ይጨመርበታል። ሹካ የለም፣ በስንጥር እየተወጋ ይበላል። ዛሬ ብዙዎች ድንጋይ ላይ መምታቱን ትተዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ ሆኖ መሰንበቱ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ካትልፊሽ ደግሞ ስሙ ያለው በቀለሙ ነው። ቬኒስ ውስጥ በራሱ ቀለም ተወጥቶ ከበቆሎ ገንፎ ጋር ይቀርባል፤ ክሮኤሺያዎች ጥቁር ሩዝ ይሠሩበታል። አሜሪካ ዘግይታ ነው የገባችው። ከጣሊያንና ከመሰል ስደተኞች ሰፈር ውጪ ስኩዊድ ለረጅም ጊዜ መንጠቆ ላይ የሚሰካ የዓሣ ማጥመጃ ነበር። በዘይት ተጠብሶ "ካላማሪ" ሲባል ግን የማይበላው ጠፋ። ሮድ አይላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 በሕግ የግዛቷ ይፋዊ ምግብ መክፈቻ አድርጋዋለች።

የማይበሉትም ብዙ ናቸው። በአይሁድ ሕግ ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ እንስሳ አይበላም። በእስልምናም የሐነፊ መዝሀብ (የሃይማኖት ሕግ ትርጓሜ መንገድ) ሲከለክል ሌሎቹ የሱኒ መዝሀቦች በአብዛኛው ይፈቅዳሉ።

አጥማጅና በሊታ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። የሞሪታኒያና የሞሮኮ ኦክቶፐስ አብዛኛው ወደ ጃፓንና ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ ሞሪታኒያ ውስጥ የሚበላው እምብዛም ነው። በጋሊሲያ ድስት የሚፈላውም ብዙውን ጊዜ ከእነዚሁ አገሮች የመጣ ነው። በዛንዚባር ግን ቤት ውስጥም ይበላል። ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶች በእንጨት ከድንጋይ ሥር ያወጡታል፤ በኮኮናት ወተትም ይሠራል። በማዳጋስካር የአንዳቫዱአካ ዓሣ አጥማጆች እ.ኤ.አ. በ2004 ከሪፋቸው (ኦክቶፐሱ ከሚኖርበት ጥልቀት የሌለው የባሕር ውስጥ ዐለት) የተወሰነውን ለወራት ዘግተው ኦክቶፐሱ እንዲያድግ አደረጉ። ሲከፈት የተያዘው ብዙና ትልልቅ ስለነበር ሌሎች መንደሮች ተከተሏቸው።

ፍላጎቱ ሲጨምር ባሕሩ እየተፈተነ ነው። በጃፓን ዙሪያ የሚያዘው ስኩዊድ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ክፉኛ ወርዷል። የቻይና መርከቦች ደግሞ እስከ አርጀንቲናና ፔሩ ውኆች ዳርቻ ይዘልቃሉ። ስለዚህ ኦክቶፐስ እንደ ዶሮ እናርባ የሚል ሐሳብ መጣ። አንድ የስፔን ኩባንያ በካናሪ ደሴቶች ለመጀመር አቅዷል። ተቃዋሚዎቹ ብቻውን የሚኖር አስተዋይ እንስሳ በገንዳ አይታጎርም፣ ሥጋ በል ስለሆነም ሌላ የባሕር እንስሳ ይጨርሳል ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የዋሽንግተን ግዛትና ካሊፎርኒያ ማርባቱን ከለከሉ። ካሊፎርኒያ በእርባታ ያደገውን መሸጥም ጭምር አግዳለች።