ጎተራው ሲሞላ፦ ስለ ቅባት፣ ብግነትና ኢንሱሊን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስብ ጠላት ነው፤ ጨርሶ ቢጠፋ ይሻላል»

ሊፖዲስትሮፊ የሚባል ሕመም ያለባቸው ሰዎች ስብ የሚያከማቹ ሕዋሳት የሏቸውም፤ ቢኖሯቸውም ጥቂት ናቸው። ሲያዩአቸው ቀጭን ናቸው። የደም ስኳራቸው ግን ብዙ ጊዜ በከፍተኛ መጠን ኢንሱሊን እንኳ አልወርድ ይላል፤ ኢንሱሊን ስኳር ከደም ወደ ሕዋሳት እንዲገባ የሚያዝ ሆርሞን ነው። የስብ ሕዋስ ጎተራ ነው፤ ጎተራ ያጣ እህል ሜዳ ላይ እንደሚፈስ ሁሉ ማስቀመጫ ያጣ ስብም ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ይገባል። ጉበትና ጡንቻ ስብ ሲሞላባቸው ደግሞ የኢንሱሊንን ትእዛዝ አልሰማ ይላሉ። ከመጠን በላይ በወፈረ ሰው ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው። እሱ ጎተራ አለው፤ ግን ሞልቶ ፈሷል።

«ብግነት ቢኖርብኝ ያመኝ ነበር»

ጉሮሮ ሲቆጣ ወይም ቁስል ሲያመረቅዝ የምናውቀው ብግነት ያማል፣ ያተኩሳል። ከውፍረት ጋር የሚመጣው ግን ዝም ብሎ ዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1993 ጎክሃን ሆታሚሽሊጊልና ባልደረቦቹ በወፈሩ አይጦች ስብ ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለ የብግነት መልእክተኛ በዝቶ አገኙ፤ ሲያግዱት ኢንሱሊን የተሻለ ሠራ። በ2003 ደግሞ በወፈረ ሰውነት ስብ ውስጥ ማክሮፌጅ የሚባሉ የመከላከያ ሕዋሳት እንደሚሰበሰቡ ታየ። የተወጠሩ የስብ ሕዋሳት ሲሞቱ ሬሳውን ሊያነሡ ይመጣሉ። ችግሩ ለቀብር መጥተው እዚያው መክረማቸው ነው፤ በቆዩ ቁጥር የሚረጩት ኬሚካል ኢንሱሊንን ያውካል።

«የኑግና የሱፍ ዘይት ሰውነት ያስቆጣል»

ይህን በማኅበራዊ ሚዲያ ያልሰማ የለም። ክሱ እንዲህ ነው፦ በእነዚህ ዘይቶች ውስጥ የሚበዛው ሊኖሌይክ አሲድ፣ ማለትም ኦሜጋ 6፣ ሰውነት ውስጥ ወደ አራኪዶኒክ አሲድ ይለወጣል፤ ብግነት የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች የሚሠሩትም ከእሱ ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያሳምናል። ሰውነት ግን ለውጡን አጥብቆ ይቆጣጠራል፤ ሊኖሌይክ አሲድ ጨምረው በበሉ ሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የብግነት ምልክቶች ከፍ አላሉም።

እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የስዊድን ጥናት ዘይቱን የሚደግፍ ነገር አሳይቷል። 39 ወጣቶች ለሰባት ሳምንታት ከዕለት ምግባቸው በላይ ኬክ እንዲበሉ ተደረገ፤ የግማሾቹ በፓልም ዘይት፣ የሌሎቹ በሱፍ አበባ ዘይት የተጋገረ ነበር። ሁሉም በእኩል ወፈሩ። ጉበታቸው ውስጥና ሆድ ዕቃቸው ዙሪያ ይበልጥ ስብ ያጠራቀሙት ግን ፓልም የበሉት ናቸው። ሚዛን ላይ እኩል፣ ጎተራው ውስጥ ግን የተለያየ! እኔ ለቤቴ የሚረጋውን ትቼ የኑግ ዘይት የምገዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ቢያስቆጣኝም። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት፣ የቱም ይሁን፣ ይበላሻል።

«ጾም ላይ ነኝ፤ ቅባት አልበላም»

ጾም ከቅቤ እንጂ ከዘይት አይከለክልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ ስንት ማንኪያ እንደጠጣ ያበሰለችው እናት ታውቃለች። በፓልም ዘይት ከተሠራ ደግሞ የዘይቱ ግማሽ ያህል በቅቤም ውስጥ የሚገኘው ዓይነት የሚረጋ ስብ ነው።

«የዓሣ ዘይት እንክብል ስኳሬን ያስተካክልልኛል»

ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ቅባት ይቀንሳል። ስኳርን በተመለከተ ግን በርካታ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ ለውጡ ከኢምንት አያልፍም።

«እንደ ድሮዬ ካልቀጠንኩ ምን ዋጋ አለው?»

እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ታገዙ። በሽታው የያዛቸው ሰዎች ቁጥር፣ ይህን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር፣ በ58 በመቶ አነሰ። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት ስድስት ኪሎ ገደማ ነው። የሌሎችን ሰዎች ዓይን ላይሞላ ይችላል፤ የጉበት ስብ ግን መቀነስ የሚጀምረው ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎዎች ነው።