ብዙ ድምፅ አግኝቶ እንዴት ይሸነፋል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ዶናልድ ትራምፕን ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በለጧቸው። ዋይት ሐውስ የገቡት ግን ትራምፕ ናቸው። ማንም ኮሮጆ አልገለበጠም፤ ሕጉ ራሱ እንዲህ ነው።

አሜሪካዊው መራጭ ወረቀቱ ላይ የሚያየው የእጩውን ስም ነው። በሕግ ፊት ግን የሚመርጠው፣ በእሱ ፈንታ ለፕሬዚዳንቱ ድምፅ የሚሰጡ ወኪል መራጮችን ነው። እነዚህ ወኪሎች በድምሩ 538 ናቸው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። እያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ባሉት አባላት ልክ ወኪል አለው፤ ካሊፎርኒያ 54፣ ዋዮሚንግ 3። ዋሽንግተን ዲሲም 3 ተሰጥቷታል።

ሰው ግራ የሚጋባው ከዚህ በኋላ ነው። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር፣ በአንድ ግዛት አንደኛ የወጣ እጩ የግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል። በሚሊዮንም ይብለጥ በአንድ ድምፅ፣ ለውጥ የለውም። በ2000 ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳ ላይ አል ጎርን የበለጡት በ537 ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያች ልዩነት 25ቱንም ወኪሎች ወሰዱ፤ ፕሬዚዳንትም ሆኑ። በአገር አቀፍ ድምፅ የመሩት ጎር ነበሩ።

እጩዎች ሁለቱ ፓርቲዎች አንገት ለአንገት የሚተናነቁባትን ፔንስልቬንያን ደጅ ሲጠኑ የሚከርሙትም ለዚህ ነው። ዴሞክራቶች በሰፊው በሚያሸንፉባት ካሊፎርኒያ ያለ ሪፐብሊካን መራጭን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

269 ለ269 እኩል ቢወጡስ? ያኔ የተወካዮች ምክር ቤት ይመርጣል፤ ለአንድ ግዛት አንድ ድምፅ። ትንሿ ዋዮሚንግ ከካሊፎርኒያ እኩል ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ይቺ ለእኔ አትዋጥልኝም።