የምግብ ጉብኝት ምንድን ነው? ሐዋሳን እየቀመሱ ማወቅ

ሐዋሳ የመጣ እንግዳ ምን ይበላል ቢባል መልሱ ዓሣ ነው። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ይወርዳል፣ ሙሉ ጥብስ ያዛል፣ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ መንገድ ይጀምራል። በዚህ ምንም ጥፋት የለም፤ ዓሣው በእውነት ይጣፍጣል። ግን ያ እንግዳ የሚሄደው መረቡን ማን እንደጣለ ሳያውቅ ነው። ከዓሣው ጎን የቀረበው ዳጣ ከየት አካባቢ እንደመጣም አልጠየቀም። ከከተማው ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ የሲዳማ ቤተሰብ ለምሳ ምን እንደሚያቀርብማ ጭራሽ አልሰማም። የምግብ ጉብኝት የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው።

የምግብ ጉብኝት ማለት አካባቢውን በሚያውቅ ሰው እየተመሩ፣ በእግር ወይም በባጃጅ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ፣ በየደረሱበት ትንሽ ትንሽ እየቀመሱ የምግቡን ነገር ከሠሪው መስማት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ይፈጃል። ቡድኑ አነስ ያለ ነው፤ ሰው ከበዛ ጠባብ ቤት ውስጥ መግባትም ማዳመጥም አይቻልም። የቅምሻው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከአስጎብኚው ክፍያ ጋር አብሮ ይታሰባል። ኢስታንቡል፣ ባንኮክና ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ብዙ ሰው የሚተዳደርበት ሥራ ሆኗል። አዲስ አበባ ላይም እንዲህ ዓይነት ጉብኝት የሚያዘጋጁ አሉ።

ሐሳቡ በምሁራን ዘንድ መልክ የያዘው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። አሜሪካዊቷ የፎክሎር ተመራማሪ ሉሲ ሎንግ በ1998 እ.ኤ.አ. የምግብ ቱሪዝምን ስትተነትን ዋና ያደረገችው ሆን ተብሎ የሚደረግ መሆኑን ነው። የተራበ መንገደኛ ያገኘውን ቢበላ ጉብኝት አይባልም። የሌላውን ሰው አበላል ለማወቅ ብሎ የሚቀርብ ግን ጎብኚ ነው። እኔም ይህን ልዩነት አጥብቄ እይዘዋለሁ፤ ምክንያቱም ሆቴል ውስጥ ቡፌ አስቀርቦ «ባህላዊ ምግብ አስጎበኘን» የሚለው ብዙ ነው። ቡፌው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ጉብኝት ግን አይደለም።

ጥጋብም ዓላማው አይደለም። ሐበሻ ቤት «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!» ሳይባል የሚነሳ እንግዳ ስለሌለ ይህ ለእኛ ከባድ ነው። ጥሩ አስጎብኚ አስቀድሞ ከአስተናጋጆቹ ጋር ይነጋገራል። ለአራት ሰው አንድ ሳህን፣ ለሁሉም አንድ አንድ ጉርሻ ይበቃል ይላቸዋል። መጀመሪያ ቦታ ላይ ሙሉ ጥብስ የጨረሰ ሰው ሦስተኛው ቦታ ሲደርስ ጆሮውም ሆዱም ተዘግቷል።

ሐዋሳ ላይ ጉብኝቱ መጀመር ያለበት በጠዋት ነው፣ ከሐይቁ ዳር። ዓሣ አጥማጆች ማታ የጣሉትን መረብ ሲነጋ አውጥተው ይመለሳሉ። ከረፈደ የሚታየው ሳህን ላይ ያለው ዓሣ ብቻ ነው። በጠዋት ግን ጀልባው ሲጠጋ፣ መረቡ ሲራገፍ፣ ዋጋው ሲቆረጥ ማየት ይቻላል። አብዛኛው የሚወጣው ቆሮሶ ነው። ረዘም ብሎ ጢም ያለው፣ ቅርፊት የሌለው ደግሞ አምባዛ። ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ የቀመሰ ሰው ልዩነቱን አይረሳውም፤ ቆሮሶ ሥጋው ነጭና ስስ ነው፣ አምባዛ ወፍራምና ቅባት ያለው።

እዚህ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ማየት የሚገባው የዓሣ አራጆቹ እጅ ነው። ልጁ ዓሣውን በግራ እጁ ይይዛል። ቢላውን ከጭንቅላቱ ሥር አስገብቶ እስከ ጅራቱ ድረስ አጥንቱን ተጠግቶ ይነዳዋል። ይገለብጠዋል፣ በሌላው ጎን ይደግመዋል። ቆዳውን ከሥጋው ይገፈዋል። ቀና ብለህ የሚያወራህን ሰው አይተህ ስትመለስ ሌላ ዓሣ ይዟል። አጥንቱና ሆድ ዕቃው መሬት ከመድረሱ አባ ኮዳዎቹ ይሻሙበታል። እነዚህ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች ከሰው ጋር ተለማምደዋል፤ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ግን ልጁን ወደ ራሱ ያስጠጋ። ጦጣዎቹም በእጅ የተያዘ ምግብ አይተው አያልፉም።

ከዚያ ቅምሻ። ሙሉ ጥብስ ማለት ዓሣው ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ፣ ከነአጥንቱ የሚቀርበው ነው። ስንጥቁ ለማስዋብ አይደለም፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዲገባና ሥጋው በጣት በቀላሉ እንዲነሳ ነው። ዱለቱ ደቆ ተከትፎ በቃሪያና በሽንኩርት ይሠራል። ሾርባው ደግሞ ጠዋት ብርድ ላይ ለቆመ ሰው የሚያህለው የለም። አጠገቡ የሚቀመጠው ዳጣ ከወላይታ የመጣ ነው፤ ቃሪያ ወይም በርበሬ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ከቅመም ጋር ተደቁሶ ነው የሚሠራው። አስጎብኚው ይህን ሲናገር አንድ ሳህን ላይ የሲዳማ ሐይቅና የወላይታ ጓሮ መገናኘታቸውን እንግዳው ያያል። ሐዋሳ እንዲህ ናት፤ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት፣ ማዕዷም ይህንኑ ይመስላል።

ጥሬ ዓሣ ይቀመስ ወይ? የሚበላ ብዙ ሰው አለ፣ ወዳጆቼም አሉበት። እኔ ለእንግዳ አልመክርም። ጥሬ የሐይቅ ዓሣ ጥገኛ ተሕዋስያን ሊይዝ ይችላል። ጥሬ ሥጋም የኮሶ ትል ያመጣል። የበሰለውን ብሉ፤ ጣዕሙ አይጎድልባችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሐዋሳ የምግብ ጉብኝት ዓሣ ላይ ካቆመ ግማሽ ነው እላለሁ። ከተማዋ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ የሲዳማ ምግብ ደግሞ የቆመው በእንሰት ላይ ነው። እንሰት ሙዝ ይመስላል፣ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። የዱር እንሰት ሌላም የአፍሪካ አገር ይበቅላል፤ አልምቶ ዋና ምግቡ ያደረገው ግን የእኛ አገር ገበሬ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ኢትዮጵያዊ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው ይባላል።

አንድ እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል። ሲደርስ ሴቶች ይፍቁታል፣ የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ ይብላላል፣ ከዚያ ቆጮ ይሆናል። ሲዳማዎች ዋሳ ይሉታል። ከሚጨመቀው ውኃ የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል። የሚቀረው ጭረት ቃጫ ይሆናል፣ ከብቱ ቅጠሉን ይበላል። የምትጣል ነገር የለችም።

ቡርሳሜ የሚባለው ምግብ የሚሠራው ከዚህ ነው። እንሰቱ በደንብ ተጨምቆና ተነፍቶ ይበስላል፣ ቅቤ ይገባበታል፣ ቅቤውም በስስት አይደለም። የሚቀርበው ሻፌታ በሚባል የሸክላ ገበታ ነው። ወተት ወይም እርጎ አብሮ ይመጣል። ሻፌታውን ከበው ተቀምጠው፣ ሁሉም ከፊት ለፊቱ እየበላ ወደ መሀል ይጠጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምሰው ሰው መጀመሪያ ኮምጠጥ ማለቱ ይሰማዋል፣ ቀጥሎ ቅቤው ይመጣል። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ፊቱ ይለወጣል። አስጎብኚ «ቅመሱ» ብቻ ብሎ ዝም ማለት የሌለበትም ለዚህ ነው። ኮምጠጥ ማለቱ ከመብላላት የመጣ እንጂ የተበላሸ ነገር አለመሆኑን አስቀድሞ የተነገረው ሰው በሌላ አፍ ይቀምሰዋል።

ቡርሳሜ ከፊቼ ጨምበላላ፣ ከሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የማይለይ ምግብ ነው። ዩኔስኮ ይህን በዓል በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯል። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ ፊቼ የተባለች ሴትን ያነሳል። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ትጠይቅ ነበር፣ ምግቡንም ከጎረቤት ጋር ይካፈሉት ነበር። በበዓሉ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መልካም ምኞት ሲገልጹ የሚቀርብላቸውም ይኸው ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሜኑ ላይ አታገኙትም። ሰው ሊነግራችሁ ይገባል።

ቡናውን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ስለ አቦልና በረካ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ግን ሁለት ዓይነት ቅምሻ እንዳለ ይታወቅ። አንደኛው ረከቦት ዙሪያ የምናውቀው ነው። ሁለተኛው የባለሙያ ቅምሻ ነው፤ የተፈጨ ቡና ላይ ሙቅ ውኃ ይፈስሳል፣ አራት ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ ላዩ ላይ የተንሳፈፈው በማንኪያ ይሰበራል፣ ከዚያ ድምፅ እስኪያወጣ ድረስ ከማንኪያው ይሳባል። ድምፁ ነውር አይደለም፤ ቡናው ከአየር ጋር ምላስ ላይ እንዲበተን ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው፣ ምርጥ ቡና በሚለይበት የካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና ነበር። የዚህ አገር እንግዳ ሁለቱንም ቢቀምስ መልካም ነው። ጊዜ ከተረፈ አቮካዶ ያለበት ስፕሪስ ጠጥቶ ይጨርስ፤ አቮካዶው የዚሁ አካባቢ ነው።

ጥሩ አስጎብኚ በምን ይታወቃል? ከሁሉ በፊት በሚጠይቀው ጥያቄ። ጾመኛ ነህ ወይ? ሥጋ ትበላለህ ወይ፣ የማንን እርድ? የሚከለክልህ ምግብ አለ? ረቡዕ ወይም ዓርብ የወጣ ቡድን ቅቤና ወተት ያለበት ቡርሳሜ ቢቀርብለት ጾመኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለ ዓሣም ጾመኛው ሁሉ አንድ አቋም የለውም፤ መጠየቅ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብረው በወጡበት ቀን ዓሣና እንሰት ያግባባሉ፣ ሥጋ ቤት ግን ሁለት ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ሰው አስጎብኚ ሳይሆን መንገድ መሪ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰውን እንዴት እንደሚያስተዋውቅ ነው። ጥሩው «እትዬ፣ እንግዶች ይዤ መጥቻለሁ፣ ሥራሽን ብታሳዪያቸው» ብሎ ይገባል፣ እሷ ትናገራለች፣ እሱ ያስተረጉማል። መጥፎው እሷን ጥግ አስቁሞ ራሱ ያወራል። ፎቶ ለማንሳትም ፈቃድ ይጠየቃል። ዓሣ የሚገፈው ልጅም ሆነ ቆጮ የምትጨምቀው እናት ሥራ ላይ ናቸው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ከጎብኚው ከሚሰበሰበው ላይ ለቤቷ ባለቤት ስንት እንደሚደርሳት በግልጽ መጠየቅ ይቻላል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በእንግዳ ተቀባይነታችን ብዙ እናቶች «ምን ገንዘብ ያስፈልጋል» ብለው ይመልሳሉ። መልካምነታቸው ነው። ግን ቅቤው፣ ማገዶው፣ ግማሽ ቀኑ የእነሱ ነው። እኔ ዋጋው አስቀድሞ ተነጋግሮ ቢወሰን እመርጣለሁ፤ ያኔ ማንም በይሉኝታ አይጎዳም።

አስጎብኚ ካላገኛችሁስ? ሐዋሳ የሚኖር ዘመድ ወይም ጓደኛ ያለው ሰው ግማሹን ጨርሷል። ጠዋት ወደ 1 ሰዓት ሐይቁ ዳር ድረሱ፣ ሁለት ዓይነት የዓሣ አሠራር ተካፍላችሁ ቅመሱ፣ ከዚያ ወደ ገበያ ሄዳችሁ ቆጮና ቡላ ሲሸጥ እዩ። ምሳ ላይ የሲዳማ ባህላዊ ምግብ ቤት ግቡና ቡርሳሜ እዘዙ። አንዳንድ ቦታ ቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፣ ስለዚህ በዋዜማው ደውሉ። ቡናውን ወደ ማታ አድርጉት። ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ወደ ይርጋለም በሚወስደው መንገድ ውጡ፤ እንሰቱና ቡናው አንድ ጓሮ ውስጥ ተቃቅፈው ሲበቅሉ ታያላችሁ።

በፊቼ ጨምበላላ ወቅት መምጣት የምትፈልጉ ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ እንደሚለያይ አትርሱ። አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች የከዋክብትን እንቅስቃሴ አይተው ነው የሚወስኑት። ማስታወቂያው እንደተሰማ ክፍል ያዙ፤ በዚያ ሳምንት ሐዋሳ በሰው ትሞላለች።