«ድሮም ገብቶኝ ነበር»፦ የኋላ እይታ አድልዎ ምንድን ነው?

ባልና ሚስት ሲፋቱ «ድሮም እንደማይዘልቁ ታውቆኝ ነበር» እንላለን። ቡድናችን ሲሸነፍ «አሰላለፉን ሳይ ነው ተስፋ የቆረጥኩት» እንላለን። አንድ ድርጅት ሲከስር ምልክቱ ሁሉ ዓይናችን ሥር የነበረ ይመስለናል። ከሳምንት በፊት ተጠይቀን ቢሆንስ? ብዙ ጊዜ መልሳችን «እንጃ» ይሆን ነበር።

ይህ ነገር በሥነ ልቦና «የኋላ እይታ አድልዎ» ይባላል፤ «ሂንድሳይት ባያስ» የሚሉትም አሉ። አንድ ነገር ከሆነ በኋላ፣ መሆኑ አስቀድሞ ግልጽ የነበረ መስሎ ይታየናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እዚህ ግን ውሻው ዘግይቶ መጮሁ ብቻ አይደለም፤ «ጅቡ ሳይመጣ ጮኼ ነበር» ብሎ ከልቡ ያምናል። ከልቡ የምትለዋ ቃል ትሰመርበት። ጉዳዩ ውሸት ወይም ጉራ አይደለም።

በሙከራ ያሳየው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ባሩክ ፊሽሆፍ ነው። የሰውን ግምትና ውሳኔ ያጠኑት የታወቁ የሥነ ልቦና ሊቃውንት የዳንኤል ካህነማንና የአሞስ ትቨርስኪ ተማሪ ነበር። በ1975 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው ጥናት፣ በ1814 እንግሊዞችና የኔፓል ጉርካዎች ስላደረጉት ጦርነት አጭር ጽሑፍ ለሰዎች ሰጠ። ጦርነቱ በአራት መንገድ ሊያልቅ ይችል ነበር፦ እንግሊዞች አሸነፉ፣ ጉርካዎች አሸነፉ፣ ሳይሸናነፉ ያለ ስምምነት ቀረ፣ ወይም ሳይሸናነፉ ስምምነት ተፈራረሙ። ለአንዱ ቡድን መጨረሻው አልተነገረውም። ለሌሎቹ ግን ለእያንዳንዳቸው የተለያየ መጨረሻ «እውነቱ ይህ ነው» ተብሎ ተነገራቸው። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ መጨረሻውን ባታውቁ ኖሮ፣ ለእያንዳንዱ ምን ያህል ዕድል ትሰጡ ነበር?

ሰዎቹ የተነገራቸውን መጨረሻ ከአእምሯቸው ማውጣት አቃታቸው። እያንዳንዱ ቡድን የሰማው መጨረሻ «ያኔም ሊገመት ይችል ነበር» ወደሚለው አዘነበለ። እኔን ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ያነበቡት አንድ ጽሑፍ ነው። ሆኖም ከጽሑፉ ውስጥ የትኛው መረጃ ዋና እንደሆነ ሲጠየቁ፣ መልሳቸው እንደ ሰሙት መጨረሻ ይለያይ ነበር። መጨረሻውን ማወቅ ግምታችንን ብቻ ሳይሆን የምናየውን ማስረጃም ይመርጥልናል ማለት ነው።

ፊሽሆፍ ከሩት ቤይት ጋር የሠራው ጥናት ደግሞ ወደ ትዝታ ይገባል። በ1972 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ወደ ቤጂንግና ወደ ሞስኮ ሊሄዱ ሲሉ፣ ሰዎች የጉብኝቶቹን ውጤት አስቀድመው በመቶኛ እንዲገምቱ ተደረገ። ለምሳሌ ኒክሰን ከቻይናው መሪ ከማኦ ጋር ይገናኛሉ ወይስ አይገናኙም? ጉብኝቶቹ ካለቁ በኋላ «ያኔ ስንት ብላችሁ ነበር?» ተባሉ። ሆነዋል ብለው ላመኑባቸው ነገሮች፣ በፊት ከሰጡት ከፍ ያለ ቁጥር ሰጥተን ነበር አሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው የገዛ እጃቸው ጽሑፍ ግን ሌላ ነበር።

ለምን እንዲህ ይሆናል? አእምሮ አዲስ ነገር ሲማር አሮጌውን ግምት ለብቻው ከትቶ አያስቀምጥም፤ አዲሱን እላዩ ላይ ያዋህደዋል። ነገ የተሻለ ለመገመት ይህ ጠቃሚ ነው። «ያኔ ምን አስብ ነበር?» ስንል ግን የምናስታውሰው የድሮውን ሐሳብ እንዳለ አይደለም፤ ዛሬ በምናውቀው ላይ ቆመን እንደ አዲስ እንገነባዋለን። መጨረሻው ላይ ያደረሱ ምልክቶች ይጎላሉ። ወደ ሌላ አቅጣጫ ያመለክቱ የነበሩት ይደበዝዛሉ።

ጉዳቱ የሚብሰው ሰው ላይ ስንፈርድ ነው። በ1988 ተመራማሪዎቹ ጆናታን ባረንና ጆን ሄርሺ የዚህ አድልዎ የቅርብ ዘመድ የሆነ ነገር አሳዩ። አንድ ሐኪም አደጋ ያለው ቀዶ ሕክምና ይወስናል። ታካሚው ዳነ ሲባሉ ሰዎች ውሳኔውን ጥሩ አሉት። ሞተ ሲባሉ ያንኑ ውሳኔ ዝቅ አድርገው መዘኑት። ሐኪሙ ሲወስን ያውቀው የነበረው ግን በሁለቱም ታሪክ አንድ ነው።

ከዚህም የከፋው ሰው በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ ይመስለኛል። ወዳጁን በድንገት ያጣ ሰው «ደክሞኛል ብሎኝ ነበር እኮ፤ እንዴት አልገባኝም?» እያለ ሌሊቱን ያነጋል። ግን ያ ወዳጅ ከዚያ በፊትም መቶ ጊዜ ደክሞኛል ብሎ ነበር፤ ተኝቶ ሲነሳም ደህና ሆኗል። ያቺን አንዷን ቃል ከመቶዎቹ የለያት በኋላ የመጣው ሞት ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት ልኩን እያወቀ ለተዘናጋ ሰው እውነት ነው። ልኩን ማንም ሊያውቅ በማይችልበት ቀን ለወሰነ ሰው ግን ግፍ ይሆንበታል።

እርግጥ ሁሉም ጥፋት «ማን አውቆ» ተብሎ አይታለፍም። አንዳንዴ ማስጠንቀቂያው በጊዜው በጽሑፍ ቀርቦ፣ አለቃው አንብቦ ወደ ጎን ብሎት ይገኛል። ያ የኋላ እይታ አይደለም፤ ቸልተኝነት ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ከአደጋው በኋላ የተነገረ ትዝታ ሳይሆን፣ ከአደጋው በፊት ተጽፎ የተገኘ ነገር ነው።

ስለ አድልዎው ማወቅ ብቻውን ብዙም አያድንም። ፊሽሆፍ ሰዎችን አስቀድሞ አስጠንቅቆ ሞክሮታል፤ አልበቃም። የተሻለ የሠራው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ነገሩ በሌላ መንገድ አልቆ ቢሆን፣ ለዚያ ምን ምክንያት እሰጥ ነበር? ተመራማሪው ሃል አርከስና ባልደረቦቹ ባለሙያዎችን ለእያንዳንዱ አማራጭ የሕመም ምርመራ ውጤት ቢያንስ አንድ ደጋፊ ምክንያት እንዲጽፉ ሲያደርጉ፣ አድልዎው ቀነሰ።

እኔ ከሁሉም የምመክረው ደብተር ነው። ትልቅ ውሳኔ ስትወስኑ ቀኑን፣ የምታውቁትን፣ የፈራችሁትን፣ የምትጠብቁትንና ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ በመቶኛ ጻፉ። ሥራ ልትለቁ ከሆነ «ይሳካልኛል፣ 60 በመቶ፤ የሚያሰጋኝ የአዲሱ ድርጅት ገንዘብ ነው» ማለት ይበቃል። ከዓመት በኋላ ነገሩ ተበላሽቶ «እያወቅኩ ነው የገባሁበት» የሚል ሐሳብ ሲመጣባችሁ፣ ያን ገጽ ገልጣችሁ ያኔ የጻፋችሁትን 60 ታገኙታላችሁ።